ሥራ፣ ገቢና ኑሮ በጅማ፦ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ጅማ ውስጥ ትንሽ የኮምፒውተር ጽሕፈትና የፎቶ ኮፒ ቤት አለኝ። ቀኑን ሙሉ ማመልከቻ እጽፋለሁ፣ ሲቪ አስተካክላለሁ፣ ቴምፖ (ጊዜያዊ የዲግሪ ወረቀት) ኮፒ አደርጋለሁ። ሰው ወረቀቱ እስኪወጣለት ቆሞ ይጠይቀኛል። «ይሄ ማስታወቂያ እውነት ነው?» «ደመወዜ ላይ ይሄን ያህል ለምን ተቆረጠ?» «ሳልፈርም የሠራሁበትን መጠየቅ እችላለሁ?» ጥያቄው ሲደጋገም መልሱን አንዴ ጽፌ ላስቀምጠው አልኩ። ጠበቃ አይደለሁም። አዋጆቹን ግን ሰው ኮፒ ሊያስደርግ ባመጣቸው ቁጥር አነባቸዋለሁ፣ ያልገባኝን ደግሞ የሚያውቁትን እጠይቃለሁ።

ጅማ ውስጥ ሥራ አለ ወይስ የለም?

አለ። ግን ዓመቱን ሙሉ የለም። ይህን ካልያዝን ሌላው ሁሉ ይምታታብናል። ከጥቅምት እስከ ጥር ቡናው ይለቀማል፣ ይደርቃል፣ ይፈለፈላል፣ ይጫናል። በነዚያ ወራት ጉልበት ያለው ሰው ሥራ ፈትቶ አይውልም። መጋዘኑ ጫኝና አውራጅ ይፈልጋል፣ ምግብ ቤቱ አስተናጋጅ ይጨምራል፣ ልብስ ነጋዴውም ይሸጣል፣ ምክንያቱም ከማና፣ ከጎማና ከሊሙ በኩል የሚመጣው ገበሬ ከተማ የሚገባው ብር ይዞ ነው። መጋቢት ሲገባ ነገሩ ይቀዘቅዛል። ሰኔና ሐምሌ ላይ ዝናቡ ሲበረታ የግንባታ ሥራም ይቀንሳል። ጠዋት ለቀን ሥራ የሚቆሙት ልጆች አካፋቸውን ይዘው እስከ አራት ሰዓት ይጠብቁና ማንም ሳይወስዳቸው ወደ ቤታቸው ይመለሳሉ።

ስለዚህ የጅማን ሰው «ሥራ አለህ?» ብላችሁ ከመጠየቅ «በዓመት ስንት ወር ትሠራለህ?» ብትሉት ስለ ኑሮው የበለጠ ታውቃላችሁ።

ታዲያ በዜና የሚነገረው የሥራ አጥ ቁጥር ምንድን ነው?

በ2013 በተደረገው አገር አቀፍ ጥናት ሥራ አጥነት በአገር ደረጃ 8 በመቶ ነበር። ከተሞችን ብቻ ለይተን ስናይ 18.7 በመቶ ይሆናል። ልዩነቱ ብዙዎችን ግራ ያጋባል። ገጠር ያለ ሰው እርሻው ላይ እጁን ስለሚያስገባ ሥራ አለው ተብሎ ይቆጠራል። ከተማ ያለውም ቢሆን በሳምንቱ ውስጥ ጥቂት ሰዓት ከሠራ ሥራ አጥ አይባልም። ሰኞ ግማሽ ቀን አሸዋ ያወረደና ሌላውን ቀን ሁሉ ቤቱ የተቀመጠ ልጅ በዚህ አቆጣጠር ሥራ አለው። ቁጥሩ ውሸት አይደለም፣ የሚለካው ሌላ ነገር ነው። ገቢን አይለካም።

እንዲህ የቡና አገር ሆና ጅማ ለምን ብር አይበረክትባትም?

ይህን ጥያቄ ከሁሉ በላይ እወደዋለሁ፣ ሁላችንም በልጅነታችን የጠየቅነው ስለሆነ። ከማውቀው ሦስት ምክንያት ልስጣችሁ።

አንደኛ፣ ከዚህ አካባቢ ብዙው ቡና የሚወጣው ከነገለባው ደርቆ፣ ተፈልፍሎ፣ ጥሬውን ነው። መቁላቱ፣ መፍጨቱ፣ ማሸጉና ስም መስጠቱ የሚሠራው ሌላ አገር ነው። ትልቁ ገንዘብ ያለውም እዚያ ላይ ነው። «ጅማ 5» የሚባለው የደረቅ ቡና ደረጃ በዓለም ገበያ የታወቀ ነው፣ ዋጋው ግን ከታጠበው ቡና ዝቅ ይላል።

ሁለተኛ፣ የቡና ዛፍ አንድ ዓመት አብዝቶ ካፈራ በሚቀጥለው ዓመት ይደክማል። ይህ የዛፉ ተፈጥሮ ነው። የከተማው ገበያም አብሮት ይደክማል። አምና የሸጠ ሱቅ ዘንድሮ ባዶውን የሚውለው ነጋዴው ሰነፍ ስለሆነ አይደለም። በዚህ ላይ ዋጋውን የምንወስነው እኛ አይደለንም። ኒውዮርክ ላይ ሲወርድ አጋሮ ላይ ይወርዳል፣ አጋሮ ላይ ሲወርድ ጅማ መርካቶ ውስጥ ጫማ የሚገዛ ይጠፋል።

ሦስተኛው ለእኔ ከሁሉም ይከብደኛል። ቡናው ከተማችን ውስጥ አልፎ ሲሄድ እዚህ የሚቀረው የጉልበት ዋጋ ነው፣ እሱም ርካሽ ነው። ትርፉ ከመኪናው ጋር አብሮ ወደ አዲስ አበባ ይሄዳል፣ እዚህም ያለው ጥቂት ሰው ጋ ይቀመጣል።

በመጋዘን ቡና የሚለቅሙ ሴቶች እንዴት ነው የሚከፈላቸው?

በአብዛኛው በቁራጭ ነው። የለቀሙት ይመዘናል ወይም በጆንያ ይቆጠራል፣ በዚያ ልክ ይከፈላቸዋል። ከደንበኞቼ አንዷ እናት የልጇን የትምህርት ቤት ማመልከቻ ልታስጽፍ መጥታ እጇን አሳየችኝ። የአውራ ጣቷና የሌባ ጣቷ ጫፍ ተልጦ አብረቅርቋል። ቀኑን ሙሉ መሬት ላይ እግሯን ዘርግታ ጥቁሩን፣ የተሰበረውን፣ ነቀዝ የበላውንና ጠጠሩን ትለያለች። አቧራው ሳል አስይዟታል። አፏን በነጠላ ትሸፍናለች እንጂ ማስክ የሚሰጣት የለም።

ይህች ሴት ፊደል ብዙ አልቆጠረችም፣ ግን አንድ ብልህ ነገር ታደርጋለች። በልጇ አሮጌ ደብተር ጀርባ ላይ ለእያንዳንዱ ጆንያ አንድ ጭረት ታሰምራለች፣ ሲመሽ ልጇ ቀኑን ይጽፍላታል። አንድ ጊዜ ሒሳብ ሲሠራ የተጻፈላትና ጭረቷ አልገጠመም፣ 11 ጆንያ ጎደለ። ደብተሩን ይዛ መጣችና በሰንጠረዥ ጻፍኩላት። አሠሪው አይቶ የጎደለውን ከፈላት። ሁሉም አሠሪ እንዲህ ያደርጋል አልልም። ግን ጭረት የሌለው ሰው የሚከራከርበት ነገር የለውም። በቁራጭ የምትሠሩ ሁሉ፣ እባካችሁ፣ ጻፉ። ስልካችሁ ላይም ቢሆን።

ዝቅተኛ የደመወዝ ወለል ስንት ነው?

በግል ድርጅት ወለል የለም። የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 የደመወዝ ቦርድ እንዲቋቋም ይላል፣ ለግል ሠራተኛ ግን እስካሁን የተቆረጠ ዝቅተኛ ክፍያ የለም። ስለዚህ «ሕጉ የሚለውን ይክፈለኝ» የሚለው ክርክር በደመወዝ መጠን ላይ አይሠራም። የሚሠራው በሰዓት፣ በፈቃድ፣ በትርፍ ሰዓትና በስንብት ላይ ነው።

የመንግሥት ሠራተኛ መነሻ አለው። በ2017 ጥቅምት ላይ 4,760 ብር ነበር፣ ከ2018 መስከረም ጀምሮ 6,000 ብር ሆኗል። የመጀመሪያ ዲግሪ ይዞ ለሚጀምር 11,500 ብር ነው። ከግል ድርጅት ጋር ስትነጋገሩ ይህን ቁጥር አእምሯችሁ ውስጥ ያዙት። አያስገድድም፣ ግን መነጋገሪያ ይሆናል።

ከደመወዜ ምን ያህል ይቆረጣል?

በየወሩ መጀመሪያ የሚመጣብኝ ጥያቄ ነው። የገቢ ግብር ሕጉ በ2017 ከተሻሻለ ወዲህ የመጀመሪያው 2,000 ብር ግብር የለውም። ድሮ ነጻ የነበረው 600 ብር ብቻ ነበር። ከ2,000 በላይ እስከ 4,000 ያለው 15 በመቶ፣ እስከ 7,000 ያለው 20 በመቶ፣ እስከ 10,000 ያለው 25 በመቶ፣ እስከ 14,000 ያለው 30 በመቶ፣ ከዚያ በላይ ያለው 35 በመቶ ይከፈልበታል። ብዙ ሰው የሚሳሳተው ደመወዙ አንድ እርከን ሲያልፍ ሙሉው በአዲሱ መቶኛ የሚቆረጥ እየመሰለው ነው። አይደለም። በአዲሱ መቶኛ የሚቆረጠው ከእርከኑ ያለፈው ብቻ ነው።

6,000 ብር የምታገኙ ከሆነ ግብሩ 700 ብር ነው። ጡረታ 7 በመቶ፣ ማለትም 420 ብር ይወጣል። እጃችሁ የሚገባው 4,880 ብር ነው። 11,500 የሚከፈለው ደግሞ ግብሩ 2,100፣ ጡረታው 805 ሆኖ 8,595 ብር ይይዛል። አሠሪውም ከራሱ 11 በመቶ ለጡረታችሁ ይጨምራል። እዚህ ላይ ልብ በሉ፣ ጡረታ ተቆርጦባችሁ ያልገባላችሁ እንደሆነ የምታውቁት ስትጠይቁ ነው። የጡረታ መለያ ቁጥራችሁን ተቀበሉ። አንድ ልጅ አራት ዓመት ተቆርጦበት ቁጥር እንኳ እንዳልወጣለት ያወቀው ሥራ ሲለቅ ነው። ያን ቀን እሱን ማየት ከብዶኝ ነበር።

ውል ሳልፈርም ነው የምሠራው፣ መብት አለኝ?

አለህ፣ አለሽ። የሥራ ውል በቃልም ይጸናል። አዋጁ የጽሑፍ ውል ከሌለ አሠሪው በ15 ቀን ውስጥ የውሉን ሁኔታ የሚገልጽ የተፈረመ ጽሑፍ ለሠራተኛው እንዲሰጥ ያዝዛል። ያንን አለመስጠቱ መብታችሁን አያጠፋውም።

ዋና ዋናዎቹን ልንገራችሁ። የሙከራ ጊዜ ከ60 የሥራ ቀን አይበልጥም። «ገና ሙከራ ላይ ነህ» እየተባለ ዓመት የሞላው አስተናጋጅ አውቃለሁ፣ ያ ሙከራ አይደለም። መደበኛው ሰዓት በቀን 8፣ በሳምንት 48 ነው። ትርፍ ሰዓት ከጠዋቱ 12 እስከ ማታ 4 ሰዓት ከሆነ በሰዓት ክፍያው ላይ 1.5 ተባዝቶ፣ ከማታ 4 እስከ ጠዋት 12 ከሆነ 1.75፣ በሳምንት ዕረፍት ቀን 2፣ በበዓል ቀን 2.5 ተባዝቶ ይከፈላል። የመጀመሪያው ዓመት ፈቃድ 16 የሥራ ቀን ነው። የወለደች ሴት ከወሊድ በፊት 30፣ ከወሊድ በኋላ 90 ቀን ከነክፍያው አላት። ሥራው ሲቋረጥ የሚገባችሁ ገንዘብ በ7 የሥራ ቀናት ውስጥ መከፈል አለበት። ለመልቀቅ የምትፈልጉ ከሆነ ደግሞ የ30 ቀን ማስጠንቀቂያ በጽሑፍ ስጡ፣ ተናዳችሁ ጥላችሁ አትውጡ።

ጊዜው ያልፋል፣ ይህን አትርሱ። ያልተከፈለ ደመወዝና ትርፍ ሰዓት መጠየቅ የሚቻለው በ6 ወር ውስጥ ነው። ወደ ሥራ መልሱኝ የሚል ክስ በ3 ወር ውስጥ መቅረብ አለበት። ብዙ ሰው እኔ ጋ የሚመጣው ስምንተኛው ወር ላይ ነው። «ይከፍለኛል ብዬ ስጠብቅ» ይላል። እየጠበቃችሁም ቢሆን ቀኑን ቁጠሩ።

የቤት ሠራተኛስ?

እዚህ ላይ ሕጉ ይጎድላል። የቤት ሠራተኛ በዚህ አዋጅ ሥር አትገባም። የሚነካት የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ ነው። እሱም አብራው የምታድረውን ሠራተኛ ጤናና ደህንነት አሠሪው እንዲጠብቅ ይላል። ጅማ ውስጥ ከገጠር የሚመጡ ሴት ልጆች የመጀመሪያ ሥራቸው ይሄ ነው። እህቶቼ፣ ከገባችሁበት ቀን ጀምሮ ደመወዛችሁን በየወሩ ተቀበሉ። «እኔ ጋ ይጠራቀምልሽ» የሚለውን እሺ አትበሉ። ፋይዳ መታወቂያ አውጡና በስማችሁ ሒሳብ ክፈቱ።

ዲግሪ አለኝ፣ ሁለት ዓመት ሆነኝ፣ ምን ላድርግ?

ጅማ ዩኒቨርሲቲ በ1992 በዚህ ስሙ ሲቋቋም ዲግሪ ያለው ሰው ብርቅ ነበር። አሁን በየዓመቱ የሚመረቀው ከተማው ከሚቀጥረው በብዙ እጥፍ ይበልጣል። ጥፋቱ የእናንተ አይደለም። ቤተሰብ «ምነው አንተ ብቻ» ሲል ይህን ንገሩት።

እንደማየው፣ ማስታወቂያ ሲወጣ መቶ ሰው አንድ ዓይነት ሲቪ ይዞ ይሮጣል። እኔ ራሴ የምጽፈው ስለሆነ አውቀዋለሁ። ሲቪው ላይ «ታታሪና ታማኝ» ከማለት የሠራችሁትን ጻፉ። አባታችሁ ሱቅ ውስጥ ሒሳብ ይዛችኋል? ጻፉት። ክረምት ክረምት ልጆች አስጠንታችኋል? ጻፉት። አንዱ ልጅ የአጎቱን የማር ንግድ ሁለት ዓመት እንደያዘ ሊነግረኝ አፍሮ ነበር። ጻፍነው። ለሽያጭ ሥራ የጠሩት በእሱ ነው።

በሥራ ፈላጊነት መመዝገብም አለ። ቀበሌያችሁ ሂዱና የሥራ ገበያ መረጃ ሥርዓት ላይ ስማችሁን አስገቡ። በማግሥቱ ሥራ አይመጣም። ግን ሥልጠናም ሆነ ብድር ሲመጣ መጀመሪያ የሚጠየቀው «ተመዝግበሃል?» ነው።

ኦሮምኛ አቀላጥፌ አልጽፍም፣ የመንግሥት ሥራ ይገኛል?

እውነቱን ልንገራችሁ። የክልሉ የሥራ ቋንቋ አፋን ኦሮሞ ነው፣ ስለዚህ በክልል መሥሪያ ቤት ለመቀጠር በቁቤ መጻፍ መቻል ያስፈልጋል። በዩኒቨርሲቲው፣ በባንኮችና በግል ድርጅቶች ዘንድ በአማርኛና በእንግሊዝኛም ይሠራል። ግን ባንክ ውስጥም ቢሆን መስኮቱ ላይ የሚመጣው ገበሬ በኦሮምኛ ነው የሚያናግራችሁ። ጅማ ተወልደን አድገን መናገሩን ብዙዎቻችን እንችላለን፣ የሚጎድለን መጻፉ ነው። በጥቂት ወር የሚለመድ ነገር ነው። እኔ ማመልከቻ መጻፍ የቻልኩት ጎረቤቴ አባ ገሮ ማታ ማታ እያረሙኝ ነው፣ ዛሬ ግማሹ ደንበኛዬ በኦሮምኛ የሚያስጽፍ ነው። ሳልማር ብቀር ሱቄም አይቆምም ነበር።

ኢንዱስትሪ ፓርኩ ሥራ ይሰጣል ይባላል፣ ልግባ?

ፓርኩ በኅዳር 2011 ሲመረቅ ዘጠኝ ሼዶች ነበሩት፣ ከተማው ሙሉ ተስፋ አድርጎበት ነበር። ስፌት ፋብሪካ ምን ያህል እንደሚከፍል ለማወቅ ሐዋሳን ማየት ይጠቅማል። በዚያው ዓመት በወጣ ጥናት የሐዋሳ ልብስ ሰፊዎች መነሻ ደመወዝ በወር 26 ዶላር ነበር፣ በዓለም ዝቅተኛው። ቀጥሎ ከታኅሣሥ 2014 ጀምሮ አሜሪካ አጎዋን፣ ማለትም ያለ ቀረጥ ወደ አገሯ የመሸጥ ዕድሉን፣ ስታቋርጥ ልብስ ስፌቱ ላይ ጫናው በዛ።

አትግቡ አልልም። ወርኃዊ ነው፣ ወቅታዊ አይደለም፣ ክረምትም ይከፈላል፣ ለጅማ ሰው ይህ ትልቅ ነገር ነው። ከመግባታችሁ በፊት ግን አራት ነገር ጠይቁ፦ የተጣራው ስንት ነው፣ ሰርቪስ አለ ወይ፣ ምሳ አለ ወይ፣ ማታ ሺፍት ሲወጡ ማን ያደርሳል። ቤት ኪራይና ትራንስፖርት ተቀንሶ ምንም የማይተርፍ ከሆነ ያ ሥራ ለእናታችሁ ቤት ለሚያድሩ ልጆች እንጂ ኪራይ ለሚከፍል አይሆንም።

ባጃጅ ተከራይቼ ብነዳስ?

ብዙ ወጣት የሚገባበት ነው። ለባለቤቱ በቀን የተወሰነ ገቢ ታስገባላችሁ፣ ነዳጁ የእናንተ ነው፣ የተረፈው የእናንተ ነው። ጥሩ ቀን ጥሩ ነው። ችግሩ ያለው ነዳጅ ሰልፍ ላይ የዋላችሁበት ቀን፣ ዝናብ የዋለበት ቀንና ጎማ የፈነዳበት ቀን ነው። ባለቤቱ ገቢውን ይጠብቃል። ስለዚህ ቁልፉን ከመቀበላችሁ በፊት ጥገናው የማን እንደሆነ፣ ቅጣት ሲመጣ ማን እንደሚከፍል፣ ሥራ ያልተሠራበት ቀን ገቢ ይጠየቃል ወይ የሚለውን ሁለት ምስክር ባለበት ጻፉ። አንድ ገጽ ይበቃል።

«ለምዝገባ ይህን ያህል ክፈሉና ሥራ አስገባችኋለሁ» የሚል ደላላ እውነት ነው?

ሥራ የሚያገናኝ ድርጅት ከሠራተኛው በቀጥታም ሆነ በተዘዋዋሪ ክፍያ እንዳይቀበል ነው ሕጉ የሚለው። የሚከፍለው አሠሪው ነው። መጀመሪያ ገንዘብ የሚጠይቃችሁን ተዉት።

አረብ አገር መሄድ እፈልጋለሁ፣ ምን ማወቅ አለብኝ?

ከጅማና ከዙሪያዋ የሚሄዱ እህቶቻችን ብዙ ናቸው፣ ቤታቸውን የሠሩም አሉ፣ ታመው የተመለሱም አሉ። ይህን ጥያቄ ስመልስ ሁሌ እጨነቃለሁ።

በሕጋዊ መንገድ የምትሄጂ ከሆነ ዕድሜሽ 18 መሙላት አለበት፣ የሙያ ብቃት ማረጋገጫም ያስፈልጋል። በአዋጅ ቁጥር 923/2008 መሠረት የቪዛ ክፍያ፣ የደርሶ መልስ ትኬት፣ የሥራና የመኖሪያ ፈቃድ፣ የመድን ዋስትና የአሠሪው ናቸው። የአንቺ የፓስፖርት፣ የሕክምና ምርመራ፣ የልደት የምስክር ወረቀት፣ የአሻራና የብቃት ማረጋገጫ ወጪ ነው። «ለኤጀንሲው ኮሚሽን» ተብሎ የሚጠየቅ ብር ሕጋዊ አይደለም። ዕድሜሽን ጨምሮ የሚጽፍልሽ ካለ ደግሞ እየጠቀመሽ አይደለም፣ ችግር ሲመጣ ወረቀቱ አንቺን ነው የሚከስሽ። እኔም እንዲህ ያለ ወረቀት አልጽፍም፣ ብዙ ጊዜ ተለምኜ አሻፈረኝ ብያለሁ።

የውሉን ኮፒ እናትሽ ጋ ተዪ። የአሠሪሽ ስም፣ ከተማና ስልክ ያለበትን ገጽ በተለይ። እዚያ ደርሶ ስልክ ሲወሰድብሽ አንቺን የሚፈልግ ሰው መነሻ የሚያደርገው ያን ገጽ ነው።

ድሃ የሚባለው ማን ነው?

መንግሥት በ2008 ባደረገው የቤተሰብ ወጪ ጥናት የድህነት ወለሉ ለአንድ አዋቂ በዓመት 7,184 ብር ነበር። በቀን 20 ብር ገደማ ማለት ነው። በዚያ ልኬት ከአገሩ ሕዝብ 23.5 በመቶ፣ ከከተማው ነዋሪ 14.8 በመቶ ከወለሉ በታች ነበር። ያ ብር ዛሬ ምን እንደሚገዛ ገበያ የሚወጣ ሁሉ ያውቃል፣ በተለይ ሐምሌ 2016 ላይ የብር ምንዛሪ ለገበያ ከተለቀቀ በኋላ። የዓለም ባንክ ደግሞ በ2017 ወለሉን በቀን 3 ዶላር አድርጎታል፣ ይህም የየአገሩን የኑሮ ዋጋ አስተካክሎ ነው እንጂ በባንክ ምንዛሪ መትቶ አይደለም።

ይህ ሁሉ ልኬት የዓመት አማካይ ነው። እኛ ሰፈር ያለ ቤተሰብ ግን በታኅሣሥ ሥጋ ይገዛል፣ በነሐሴ ሽሮ ይቸግረዋል። አማካዩ ከወለሉ በላይ ሊሆን ይችላል። ልጁ ግን በነሐሴ ተርቧል።

ሴፍቲኔት ውስጥ እንዴት ነው የሚገባው?

የከተማ ልማታዊ ሴፍቲኔት በ2009 ሲጀመር በ11 ከተሞች ነበር፣ ከኦሮሚያ አዳማ ብቻ ነበረች፣ ጅማ አልነበረችበትም። ሁለተኛው ዙር ወደ ሰማንያ የሚጠጉ ከተሞች ጋ እንዲሰፋ ተደርጎ ነው የታቀደው። አሠራሩ እንዲህ ነው፦ መሥራት የሚችል በጽዳት፣ በአረንጓዴ ልማትና በመሰል የሕዝብ ሥራ ተሰማርቶ ይከፈለዋል፣ ከሚያገኘውም 20 በመቶ ይቆጥባል። መሥራት የማይችሉ አረጋውያን፣ የአካል ጉዳተኞችና የታመሙ ያለ ሥራ ይደገፋሉ። ድሃውን የሚለየው የሰፈሩ ኮሚቴ ነው። ምዝገባ ክፍት መሆኑን ቀበሌ ጠይቁ። ስማችሁ ሲቀር አቤቱታ በጽሑፍ አስገቡ፣ ስንት ሰው እንደምታስተዳድሩና ኪራይ ስንት እንደሆነ ጠቅሳችሁ። ለእንዲህ ያለ አቤቱታ እኔ አላስከፍልም።

ብድር ልውሰድ ወይስ ዕቁብ ልግባ?

ገቢያችሁ በየሳምንቱ የሚገባ ከሆነ፣ ጉልት ላይ ሽንኩርትና ቲማቲም የምትሸጡ፣ ሻይ የምታፈሉ፣ ዕቁብ ይስማማችኋል። ወለድ የለውም፣ ሰው ያስቆጥባችኋል። ገቢያችሁ ወቅታዊ ከሆነ ግን በየሳምንቱ መጣል ክረምት ላይ ያንቃችኋል። የዕቁብ ዳኛውን መጀመሪያ አናግሩት፣ በጥር የሚያልቅ ዕቁብ የሚሰበስቡ አሉ።

ብድር ስትወስዱ ከወለዱ በፊት የመክፈያውን ቀን ተመልከቱ። ዕንጨት ሠሪ ወዳጄ ለባለ ሦስት እግር በርጩማና ለወንበር የሚሆን ዋንዛ ሊገዛ በየወሩ የሚከፈል ብድር ወሰደ። ዕቃው የሚሸጠው ሰው ሲያገባና እንግዳ ሲመጣ ነው፣ በክረምት አንድ በርጩማ ነው የሸጠው። መጋዙን ሸጦ ነው ዕዳውን የከፈለው። ሙያው በእጁ ቀርቶ መሣሪያው ሄደ። በቴሌብር የምትወስዱት ትንሽ ብድርም እንዲሁ ነው፣ ቀኑ አጭር ነው፣ ለዳቦ ሳይሆን ቶሎ ለሚሸጥ ዕቃ ይሁን።

ክረምቱን እንዴት ነው የምናልፈው?

በቡና ወራት የምታገኙትን ለአሥራ ሁለት ወር ክፈሉት። ለምሳሌ ከጥቅምት እስከ ጥር 48,000 ብር ብታገኙ የወር ደመወዛችሁ 12,000 አይደለም፣ 4,000 ነው። ይህን ስነግራቸው ብዙዎች ዝም ይላሉ። ቀጥሎ ቤት ኪራዩን ከባለቤቱ ጋር ተነጋገሩ፣ በጥር የስድስት ወር ብትከፍሉ ብዙው እሺ ይላል። በቆሎና ጤፍ በመኸር ርካሽ ሲሆን ግዙ። የመስከረም ደብተርና ዩኒፎርም የካቲት ላይ ግዙ፣ ነሐሴ ላይ ዋጋው እጥፍ ሲሆን አትሩጡ።

ማመልከቻ ለማስጻፍ ምን ይዤ ልምጣ?

መታወቂያ፣ የትምህርት ማስረጃ ኮፒ፣ ልምድ ካላችሁ የልምድ ወረቀት፣ ማስታወቂያው ላይ ያለውን ቁጥርና የመጨረሻ ቀን። ዋናውን ቴምፖ ይዛችሁ አትዙሩ። አምና ሐምሌ አንድ ልጅ አዌቱ ድልድይ ላይ ዝናብ ደርሶበት ጃኬቱ ውስጥ የያዘው ዲግሪ ረጥቦ መጣ፣ ማኅተሙ ፈስሶ ሰማያዊ ሆኗል። ማተሚያው አጠገብ ዘርግተን ስናደርቀው አመሸን። አንድ ጊዜ ስካን አስደርጉና ኢሜላችሁ ውስጥ አስቀምጡት፣ ዋናውን በላስቲክ ጠቅልላችሁ ቤት ተዉት።